አቶ ዋቅጅራ እዚያ ነበሩ

በየለቅሶው ድንኳን፣ በየሰርጉ፣ በየመንገድ ቁፋሮው ዳር አንድ "እኔ እዚያ ነበርኩ" የሚል ሰው አይጠፋም። ሟቹን ምን እንደገደለው ከሐኪሙ ይልቅ እሱ ያውቃል። የውኃ ቱቦው የት እንደተቀበረ ከመሐንዲሱ ይልቅ እሱ ያውቃል። ክፋቱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ልክ መሆኑ ነው። ቢሳሳትማ ኖሮ ማን ይጠላው ነበር።

ለሐሚዳ የደረሳት የዚህ ዘር አውራ ነው፤ ክቡር አቶ ዋቅጅራ።

ሐሚዳ ወሎ ሰፈር ልብስ ሰፊ ናት። የኢድ ልብስ በተደራረበበት ሰሞን ለፊልም የሚሆን ሃያ ሁለት የበሽተኛ ጋዋን ታዘዘች። ታሪኩ በስልሳዎቹ ነው፤ በአንድ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ አንዲት ነርስና አንድ በሽተኛ የማይፈቀድ ፍቅር ይዟቸው ሲቃጠሉ ያሳያል። ሆስፒታሉ ሲኤምሲ የተከራዩት ቪላ ነው። ዳይሬክተሩ እዝራ ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ስካርፍ ከአንገቱ የማይለይ ልጅ ነው። "ልብሱ ያን ዘመን ያን ዘመን ይሽተተኝ" ብሏታል። ለሐሚዳ የሸተታት አዲስ አቡጀዲ ብቻ ነበር።

አቶ ዋቅጅራን የጠራቸው የለም። በመጀመሪያው ቀን ዱላቸውን ይዘው በተከፈተው በር ዘው አሉ።

"ይሄ ሳሎን የአባቴ በረት ነበር" አሉ። ከብቶቹ በየት በኩል ይገቡ እንደነበር በዱላቸው አሳዩ፤ በሶፋው በኩል ነው። ከዚያ ግድግዳው ላይ "የወንዶች ክፍል" የሚለውን ጽሑፍ አዩና ቆም አሉ። ለካ ሠላሳ አንድ ዓመት በአእምሮ ሆስፒታል አስታማሚ ሆነው ሠርተው ነው ጡረታ የወጡት። እዝራ ደስታውን አልቻለውም፤ እዚያው አማካሪ አደረጋቸው። ደስታው እስከ ምሳ ሰዓት ቆየ።

"እንዲህ አልነበረም" አሉ፣ ነጩን ግድግዳ እያዩ። "እስከ ትከሻ አረንጓዴ የዘይት ቀለም ነው። እጅ ይነካዋላ፤ ይታጠባል።" ቀለም ቀቢው ዘርአጽዮን ሁለት ቀን ሙሉ ቀባ። "እንዲህ አልነበረም" አሉ ሹካውን ሲያዩ፤ ሁሉም በማንኪያ ነው የሚበላው። "እንዲህ አልነበረም" አሉ በሩ ላይ ሲደርሱ፤ የበሽተኛ በር ከውስጥ በኩል እጀታ የለውም። ዘርአጽዮን እጀታውን እየፈታ፣ "እኚህ ሰውዬ መንግሥተ ሰማያት ቢደርሱ ጴጥሮስን በሩ እንዲህ አልነበረም ይሉታል" አለ።

ከግድግዳው ወደ ሐሚዳ ዞሩ።

"ቁልፍ ነው የተከልሽበት?"

"አዎ ጋሼ። ጋዋን አይደል።"

"ይውጡታል።"

አንድ መቶ ሠላሳ ሁለት ቁልፍ ተረተረች። በቦታው ማሰሪያ ሰፋችበት።

"ማሰሪያ ነው?"

"ማሰሪያ ነው ጋሼ።"

"ይታነቁበታል።"

ሃያ ሁለቱንም እንደገና ቆርጣ በራስ የሚጠለቅ አደረገችው። አቶ ዋቅጅራ አንዱን አንስተው ገለበጡት፣ ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ዳበሱ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። "አሁን ነው" አሉ። ሐሚዳ ትንፋሿን ሳትጨርስ፣ "ርዝመቱ ግን ከጉልበት በታች አራት ጣት ነበር" አሉና ሄዱ።

ያናደዳት ሥራው አይደለም። ያናደዳት፣ ተዋናዩ ያንን ጋዋን ሲያጠልቅ ያየችው ነው። የሚይዘው ቁልፍ፣ የሚፈታው ማሰሪያ ስለሌለው እጆቹ ሥራ አጥተው ጎኑ ላይ ተንጠለጠሉ። ትወናው ሳይጀመር ሰውዬው በሽተኛ ሆነ። ሽማግሌው ልክ ነበሩ። ይህን ነው ይቅር ያላለቻቸው።

ማታ ወደ ቤት ሲመለሱ ታክሲ ውስጥም አላረፉም። ረዳቱ "ፍየል ቤት ወራጅ አለ?" ሲል፣ "እንዲህ አልነበረም፤ እዚህ ማን ፍየል አርብቶ ያውቃል፣ በግ ነው" አሉት።

"ፋዘር፣ በግ ይሁንልዎት" አለ ረዳቱ፤ "ብቻ ይውረዱልኝ።"

በአምስተኛው ቀን የፍቅሩ ትዕይንት ደረሰ። ነርሷን የምትጫወተው ሩሃማ ናት። በጎማ ቱቦ ዝናብ ተረጨባት፤ በሽተኛው በመስኮት ወጣ፤ ዝናቡ ውስጥ ተቃቅፈው ተሳሳሙ።

"እንዲህ አልነበረም።"

እዝራ ስካርፉን ፈታ። "ጋሼ፣ ፍቅሩም እስከ ትከሻ አረንጓዴ ነበር ሊሉኝ ነው?"

ሁሉም ሳቀ፤ ሐሚዳም ሳቀች። ሽማግሌው ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ።

"በሽተኛ ጠያቂ ከቤቱ ምግብ ሲያመጣ" አሉ፣ "በር ላይ ራሱ ቀምሶ ነው የሚያስገባው። መርዝ እንዳይሆን ነው። ሠራተኛ ግን ከቤቱ አምጥቶ ማብላት ክልክል ነው። ገላኔ የምትባል ነርስ ነበረች። ጠያቂ ለሌለው ለአንዱ በየቀኑ ፍትፍት በምሳ ዕቃ ደብቃ ታስገባለታለች። ቅመሽ የሚላት የለም። እሷ ግን ፊት ለፊቱ ቁጭ ብላ መጀመሪያ አንድ ማንኪያ ትቀምሳለች፤ ከዚያ ማንኪያውን ትሰጠዋለች። በቃ ይኸው ነው። ስምንት ወር አይቻለሁ፤ ሌላ ነገር አላየሁም።"

ሩሃማ ፀጉሯን ማድረቁን ተወችው።

"ዋው" አለ እዝራ። "እናስገባዋለን። ከዚያ ዶክተሩ ይደርስባቸዋል።"

"እንዲህ አልነበረም። ዶክተሩ ምንም አያውቅም።"

"ታዲያ ማን አሳበቀ?"

"እኔ።"

የጎማው ቱቦ አሁንም ሣሩ ላይ ይፈስሳል፤ የሚዘጋው ጠፋ።

"ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ደንቡ እንዲህ አይደለም ብዬ ነው" አሉ አቶ ዋቅጅራ። "እሷን በሳምንቱ ክፍለ ሀገር ጣሏት። እሱ ከዚያ ወዲያ ከማንም እጅ አልበላም። እስከ ነሐሴ በአፍንጫው በቱቦ እየመገቡ አቆዩት። በነሐሴ ቀበርነው።" ከዚያ በዚያ ሁሉ ቀን ጠይቀው የማያውቁትን ጠየቁ። "እባክህ ልጄ፣ አስታማሚው ይታይ። ዶክተሩ ላይ አታላክከው።"

እዝራ ዶክተሩን የሚጫወተው ስመ ጥር ተዋናይ እንደሆነ፣ ግማሹም እንደተቀረጸ ሊያስረዳ ሞከረ። ፊታቸውን ሲያይ ተወው። "እሺ፣ ነገ ራስዎ ይሥሩት" አለ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ሆነው ሊታዩ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ስህተት ዝም ብለው አሳለፉ።

ሐሚዳ ያን ዕለት የካኪ ካፖርት ሰፋች። ሲለኩት ዝቅ ብለው ደረታቸውን አዩ። "እንዲህ አል…" ብለው አፋቸውን ያዙ።

"ይጨርሱት እንጂ ጋሼ።"

"ኪሱ በግራ ነበር። ፊሽካ ይቀመጥበታል።"

ኪሱን ተረተረችው። እሷ አላማረረችም፤ የኢድ ደንበኞቿ አማረሩላት።

በማግስቱ አቶ ዋቅጅራ በአረንጓዴው ግድግዳ ጥግ ተራመዱ፣ ከዶክተሩ ጠረጴዛ ፊት ቆሙ፣ "ነርሷ ምግብ ታስገባለታለች" አሉ። አምስት ቃል እንኳ አይሞላም። እዝራ ለጥንቃቄ እንድገመው ቢል እምቢ አሉ።

"አንዴ ነው የተናገርኩት" አሉ።

ፊልሙ ከሰባት ወር በኋላ ቦሌ ሲኒማ ገባ። ከሐሚዳ ጎን ተቀመጡ፤ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመዋል። ጋዋኖቹ መጡ፤ ከጉልበት በታች አራት ጣት ናቸው። ግድግዳው መጣ። በሩ እጀታ የለውም። ከዚያ ዝናቡ መጣ፤ ተሳሳሙ፤ ሰው አለቀሰ። ስመ ጥሩ ዶክተር በመስኮት አያቸው፤ ጥርሱን ነከሰ፤ ስልክ አነሳ። ምሳ ዕቃ የለም። ማንኪያ የለም። ካኪ ካፖርት የለም።

ሐሚዳ ቃሉን ጠበቀች። አሁን ይሉታል ብላ ጠበቀች። ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ዱላው ላይ ደርበው ዝም አሉ። በሕይወታቸው እንዲህ ዝም ብለው ያውቁ እንደሆነ እንጃ። ሐሚዳ ያን ዝምታ አልቻለችውም።

"እንዲህ አልነበረም" አለች፣ አዳራሹ እስኪሰማ።

ከኋላ "እሽሽ" አሏት። ከፊቷ የተቀመጠው ወጣት ፈንዲሻውን እንደያዘ ዞረ።

"ማዘር፣ እዚያ ነበርሽ እንዴ?"

"ነበርኩ" አለችው ሐሚዳ።