ድሪቶና ድራየር ሺት

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ ግን እውነቱን ተናገሩ። ኩሽናችሁ ገብቼ ከዕቃ ማጠቢያው ስር ያለችውን መዝጊያ ብከፍት፣ በፌስታል የተሞላ ፌስታል አላገኝም? ክዳኑ ከጠፋ ሁለት ዓመት ያለፈው የእርጎ ዕቃስ? እዚህ አገር ሠላሳ ዓመት የኖረ፣ ቤት ገዝቶ የሸጠ፣ ልጆቹን ኮሌጅ ያስጨረሰ ሰው እንኳ ደህና ፌስታል ሲጥል እጁ እሺ አይለውም። «አንድ ቀን ይፈለግ ይሆናል» እንላለን። ያ አንድ ቀን መጥቶ አያውቅም፤ እኛ ግን ቦታ ይዘን እንጠብቀዋለን።

አለመጣላችንስ ይሁን፤ ደግ ነው። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው። መጣል የማንወደውን ያህል፣ ሰው የጣለውን ስናነሳ መታየትን ደግሞ እንደ ጦር እንፈራለን። እኔም ባለፈው ብርድ በእነዚህ በሁለቱ መሀል ተወጥሬ ከረምኩ። የወጠረችኝ ደግሞ መሐረብ የምታህል ስስ ጨርቅ ናት።

ታላቅ እህቴ እታለም ዘሐራ በአሥራ ሰባት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን በልጅነቴ ስለሞተች ደሴ ላይ አጥባና አብልታ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ባሏ ካረፈ በኋላ ልጇ ሰሚራ ወደዚህ አመጣቻት። አሌክሳንድሪያ ሰሚራ ቤት ጥቂት ወራት ከቆየች በኋላ «የአማች ቤት ሲበዛ ይከብዳል» ብላ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኔ አፓርትመንት ገባች። እኔ ላጤ ነኝ፤ ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝ። ለአንድ ሆቴል እንግዶችን ከኤርፖርት የሚያመላልስ መኪና እነዳለሁ፤ ከዚያ የተረፈኝን ጊዜ እተኛለሁ።

እታለም ግን ሥራ ፈትታ መቀመጥ አይሆንላትም። ሕንፃችን ውስጥ ረቡዕ ረቡዕ የሚሰበሰቡ ባለ መርፌ አሮጊቶች አሉ፤ አለቃቸው ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ሚስ ዶሮቲ ናት። እታለም እንግሊዝኛ አታውቅ፣ ሚስ ዶሮቲ አማርኛ አታውቅ፤ በወሩ እንደ አብሮ አደግ ሲሳሳቁ አገኘኋቸው። የሚሠሩት ነገር ኪልት ይባላል። እኛ ድሪቶ የምንለው ነው። አዎ፣ ድሪቶ! እዚያ አገራችን እንግዳ ሲመጣ ጎትተን አልጋ ስር የምንወሽቀው፣ እዚህ በክብር ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።

የሥራው ምስጢር እንዲህ ነው። ቁርጥራጩ ጨርቅ ሲሰፋ እንዳይሳብና እንዳይንሻፈፍ ከስሩ ስስ ነገር ይፈልጋል። ሚስ ዶሮቲ ለዚህ የምታደርገው ያገለገለ ድራየር ሺት ነው፤ ልብስ እንዲለሰልስና እንዲሸት ብለን ማድረቂያው ውስጥ ጣል የምናደርጋትን ስስ ጨርቅ። ልብሱ ሲደርቅ ጨርቋ ሥራዋን ጨርሳለችና ወደ ቆሻሻ ትሄዳለች። ሚስ ዶሮቲ በዚህ ላይ ቀልድ አታውቅም፤ ያገለገለች ብቻ፣ ያውም በሙቅ ውሃ ደጋግማ የታጠበች። አዲሷ ቅባትና ሽቶ ውስጥ ተነክራለችና ካውያ ላይ ትጣበቃለች፤ ቆዳው ቁጡ የሆነን ሰውም ታሳክካለች።

እታለም ይህን እንደተማረች ለሰሚራ ልጅ ለኢማን ድሪቶ ልትሠራ ተነሳች። ኢማን ሦስት ዓመቷ ነው፤ የሕፃን አልጋዋን ትታ ትልቅ አልጋ ልትይዝ ነበር። ጨርቁን ከሻንጣዋ ስታወጣው ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። የባሏ ሁለት ሸሚዞች፣ ሰሚራ ደሴ የተማረችበት ዩኒፎርም፣ የራሷ የሙሽርነት ቀሚስ ጫፍ።

«አያቷን አላየችውም፤ አላህ ይዘንለት» አለችኝ ሸሚዙን እየዳበሰች። «እቅፉ ውስጥ አልተኛች፤ ሸሚዙ ውስጥ ትተኛ።»

ችግሩ የኢማን ቆዳ ነው። የተሳሳተ ሳሙና ከነካት ክንዷ እንደ እሳት ይቀላል፤ ሰሚራ ደግሞ ነርስ ናት፤ ሽታ ያለው ነገር በደጇ አያልፍም። እታለም ይህን ስለምታውቅ ጥንቃቄዋ ወሰን አልነበረውም። ከእኔ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሰይዶ፣ እኔ ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ምድር ቤት ላውንደሪው ውስጥ ሰው የጣላቸውን ለቀም እያደረግህ አምጣልኝ።»

ያንን የላውንደሪ ክፍል እወደዋለሁ። ውጪ በረዶ ሲጥል እሱ ይሞቃል። ከሥራ መልስ ጥግ ያለችው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ በክቡ መስኮት ልብስ ሲዞር አያለሁ፤ የሆቴል ዩኒፎርም፣ የሆስፒታል ሰማያዊ ሱሪ፣ አንዲት የሕፃን ካልሲ ብቅ እያለች ሰላም ስትለኝ። ማሽኑ ያጉረመርማል፤ ዓይኔ ይከደናል። በእንቅልፍና በንቃት መሀል ሆኜ፣ ሊፍት ውስጥ ሰላምታ የምንነፋፈገው ሰዎች ልብሶች ሲተቃቀፉና ሲፈነድቁ ይታየኛል። የእኔ ሸሚዝ ከማንም ቀሚስ ጋር ሲደንስ ሁሉ አይቻለሁ፤ በህልሜ መሆኑ ነው እንግዲህ።

በመጀመሪያው ቀን ከህልሜ ነቅቼ፣ ግራ ቀኝ አይቼ፣ እጄን እስከ ክርኔ ቆሻሻው ቅርጫት ውስጥ ስከት በሩ ተከፈተ። ጋሽ ግርማ! አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት፤ የሰው ቤት ጉዳይ ሁሉ እሳቸው ጋ አለ።

«ሰይድ፣ ምን ጠፋህ?» አሉ።

«ቁልፌ» አልኩ። ቁልፌ ኪሴ ነበረ።

ደግ ሰው ናቸው፤ እጅጌያቸውን ሰብስበው ቅርጫቱ ስር ተንበረከኩ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ አብረን የሌለ ቁልፍ ፈለግን። እሳቸው እኒያን ስስ ጨርቆች አንድ ባንድ እያወጡ ጎናቸው ይቆልላሉ፤ እኔ ክምሩን እያየሁ ምራቄን እውጣለሁ። ኪሴ እንዳይንኳኳ ትንፋሼን ይዣለሁ። በመጨረሻ «እንግዲህ አላህ ይተካልህ፤ እኒህን እንኳ ላስወግዳቸው» ብለው ክምሩን በሙሉ ይዘውት ወጡ።

ከዚያ ወዲያ እጄ ቅርጫት ውስጥ አልገባም። ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ሱቅ ሄጄ አዲስ ድራየር ሺት በካርቶን ገዛሁ፤ ያውም ላቬንደር አበባ የሚሸተውን። መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ አንድ ባንድ አጨማደድኳቸው፤ ያረጁ እንዲመስሉ ከሹራቤ ብናኝ ፈትጌ ለጠፍኩባቸው። አራት አምስት እያደረግሁ ሳመጣላት እታለም ትቀበለኝና ፊቴን ታያለች፤ «አላህ ይስጥልኝ ወንድሜ» ትልና ወደ ክፍሏ ትገባለች። ደግማ ታጥባቸው የለም ወይ፣ ምን ይመጣል እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ይሉኝታ የያዘው ሰው ለራሱ የሚነግረው ምክንያት አያጣም።

ጸደይ ገባ። ዛፉ ሁሉ አበበ፤ ቢጫው ብናኝ መኪናዬን ሸፈነው፤ እኔም ማስነጠስ ጀመርኩ። አንገቴን ያሳክከኛል፤ አፍንጫዬ ውሃ ሆነ። የዘንድሮ ፖለን የተለየ ነው እያልኩ የአለርጂ ክኒን እውጣለሁ። ደስ ያለኝ ነገር ቢኖር፣ የማመላልሳቸው እንግዶች «ጥሩ ትሸታለህ» ይሉኛል። ሽቶዬ ሠራ ብዬ ነበር።

ድሪቶው ያለቀ እሑድ ወደ አሌክሳንድሪያ ወሰድነው። ኢማን አዲሱ አልጋዋ ላይ ሲዘረጋላት ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ወጣችበት። ሰሚራ የአባቷን ሰማያዊ ሸሚዝ አወቀችው። ኪሱ ሳይፈታ እንዳለ ተሰፍቷል። እጇን ኪሱ ውስጥ ከታ «ባባ እዚህ ውስጥ ከረሜላ ያመጣልኝ ነበር» አለችና አለቀሰች። እኔም ዓይኔን ጠረግሁ፤ በፖለን አሳበብኩ።

ከዚያ ድሪቶውን ጫን ጫን አድርጋ «እማ፣ ውስጡ ምንድን ነው?» አለች። እታለም ኮራ ብላ ነገረቻት።

«ድራየር ሺት? ኖ፣ ኖ፣ እማዬ! ኬሚካል እኮ ነው! የኢማን ስኪን ሴንሲቲቭ ነው።» ልጅቷን ከላዩ አነሳቻትና ድሪቶውን ቀስ ብላ አጠፈችው። «ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ፤ በጣም ነው የሚያምረው።»

«ግድግዳው በረደው?» አለች እታለም። ድምጿ ተሰበረ። «ያገለገለ ነው ልጄ። ሦስት ጊዜ በሙቅ ውሃ አጥቤዋለሁ።»

«አዲስ አንድም አልገባም? ሹር ነሽ?»

እታለም ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ልትምል ነው! ይህች ሴት ዕድሜዋን ሙሉ በሐሰት ምላ አታውቅም፤ አሁን በእኔ ጦስ የአላህን ስም ጠርታ በሐሰት ልትምል ነው።

«እንዳትምይ!» ብዬ ጮህኩ። ኢማን ደነገጠች። ከዚያ ሁሉንም አፈረጥኩት፤ ቅርጫቱን፣ ቁልፉን፣ ጋሽ ግርማን፣ ላቬንደሩን፣ የሹራቤን ብናኝ ሳይቀር። ሰሚራ «አጎቴ!» ብላ አፈጠጠችብኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እታለም እጇን ከደረቷ አላወረደችም። «ወላሂ፣ አዲስ አንድም የለበትም» አለች፤ ረጋ ብላ።

«እታለም፣ ነገርኩሽ እኮ!»

«ያንተን አንዲቱንም አልሰፋሁም። ከበር ስትገባ ነው የሸተተኝ፤ ሰው የጣለው ጨርቅ እንደ ሙሽራ ይሸታል እንዴ? የሰፋሁት የሚስ ዶሮቲ ጓደኞች ከየቤታቸው ያመጡልኝን ነው።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?»

«ቆሻሻ ውስጥ እጅህን መክተት አፍረህ መሆኑ ገባኝ። ያን ያሳፈርኩህ እኔው ነኝ፤ ደግሜ ላሳፍርህ?»

አምስት ወር ሙሉ እኔ ለሰው ዓይን ብዬ ስዋሻት፣ እሷ ለእኔ ፊት ስትል ውሸቴን ስትቀበል ከርማለች። ያሳደገችኝ ሴት፣ ጸጉሬ ሸብቶም ገመናዬን ትሸፍንልኛለች። ተነስቼ ጉልበቷን ሳምኩ።

ሰሚራ «እሺ፣ እሱ ያመጣቸውን የት ከተትሻቸው?» አለች።

«ይጣላሉ እንዴ ደህና ነገሮች? ትራሱ ውስጥ፣ ካልሲው መሀል፣ ሸሚዞቹ ስር ነዋ! ሽታ ይወዳል ብዬ።»

ሰባት ጊዜ አስነጠስኩ።

ሰሚራ ነርስነቷን አልተወችም፤ ድሪቶውን ሽታ በሌለው ሳሙናዋ አንዴ ደግሜ አጥቤ፣ ጥቂት ቀን እያየሁ ነው የማለብሳት አለች። ዞር ስንል ግን ኢማን የታጠፈው ድሪቶ ላይ ጉንጯን አድርጋ፣ ትንሿ እጇ የአያቷ ሸሚዝ ኪስ ውስጥ እንደገባ፣ እንቅልፍ ወስዷታል። ማንም አላነሳትም። ክንዷም አልቀላም።

እቤቴ ስገባ ትራሴን ፈታሁ፤ መሳቢያዎቼን ገለበጥኩ። ላቬንደር ፌስታል ሙሉ ወጣ። ወደ ምድር ቤት ይዤው ወርጄ ቅርጫቱ ውስጥ እየገለበጥኩ ሳለ በሩ ተከፈተ።

«ሰይድ፣ ቁልፍህን አገኘኸው?» አሉ ጋሽ ግርማ።

«አገኘሁት ጋሼ።»

ቅርጫቱን አዩ። በሩን አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦ «ታዲያ ይሄን የመሰለ ነገር ይጣላል? ለሁለተኛ ዙር እኮ ያገለግላል። እኔ ያን ቀንም ለሱ ነበር የወረድኩት፤ አንተን ሳይ አፍሬ ነው ላስወግዳቸው ያልኩት።»