ሽንት ቤቱን የሚቆልፈው ጎረቤቴ

ሽንት ቤቱን በጓጉንቸር ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ የሚዞር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ጎረቤቴ ዳና ነው። ኧረ ምን ይሰረቅብኛል ብሎ ይሆን?

"ዳና፣ ለማን ነው የሰራኸው?" አልኩት።

"ከወረዳ ለሚመጡ እንግዶች ነው እማማ። ልጆች ያቆሽሹታል።"

እንግዳ የሚመጣው ስንት ዘመን ቆይቶ ነው፤ ልጆቹ ግን በየቀኑ ይበላሉ። የበላ ልጅ የት ይሂድ? እንሰቱ ስር ይቀመጣላ! ዝናብ ሲጥል ያ ሁሉ ታጥቦ ምንጫችን ውስጥ ይገባል። እኛም ከዚያው ቀድተን እንጠጣለን።

በዚህ ክረምት የልጄን ልጅ ተቅማጥ ያዛት። አይኗ ጎደጎደ፣ ማልቀስ እንኳ አቃታት። ኦቶና ሆስፒታል ወስደን ግሉኮስ ተሰክቶላት ነው ነፍሷ የተመለሰችው። ጎረቤት ሁሉ "ጥርስ እያበቀለች ነው" ይለኛል። የምን ጥርስ? የዳና ጓጉንቸር ነው እንጂ!

ልጅቷን ይዘን ስንመለስ ዳና ቢጠና ገበያ ሄዷል። መጥረቢያዬን አነሳሁና በሩን ከነማጠፊያው ነቅዬ ቤቴ አስገባሁት።

ከገበያ ሲመለስ እየጮኸ መጣ። "እማማ፣ ምን ጉድ ሰሩኝ! ነገ እኮ ከወረዳ ይመጣሉ! በር የሌለው ሽንት ቤት ሲያዩ ምን ይሉኛል?"

"ጆንያ ስቀልበት" አልኩት። "አንተን ሰው ምን እንደሚልህ ያስጨንቅሃል፤ እኔ ልጅ ልቀብር ነበር!"

ጆንያውን ሰቀለ። ልጆቹም ገልጠው መግባት ለመዱ። በሩን ይስጡኝ እያለ አሁንም ሽማግሌ ይልክብኛል። እኔ ግን ከፍራሼ ስር አንጥፌ እየተኛሁበት ነው። ደፋር ካለ መጥቶ ይቀስቅሰኝ!