ሚዙሪን በሞቴ ይውሰዱልኝ

እሑድ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ጣለኝና ሕልም አየሁ። አትሳቁብኝ እንጂ ልንገራችሁ።

አባታችን ካረፈ ወዲህ እናታችን ደብረ ዘይት ብቻዋን ናት። ወንድሜ አምዴ ከሽሮ ሜዳ፣ እህቴ ስንዱ ከሳሪስ እኔ ቤት መጥተው እሷው ፊት «እማዬ ከማን ጋር ትኑር?» ብለው ያዙኝ። ታላቅ ነህና ዳኘን አሉ። እኔ ደግሞ ዳኝነት ስፈራ! «የተማሪዎቼን ፈተና ላርም» ብዬ መኝታ ቤት ገባሁ። የታሪክ መምህር ነኝ። ፈተናው ስለ አሜሪካኖች የድሮ ጠብ ነው፤ ሚዙሪ በምትባል አዲስ ግዛት ባሪያ ይያዝ አይያዝ ብለው ሰሜንና ደቡብ ተናክሰው፣ በመጨረሻ ካርታ ላይ መስመር አስምረው የታረቁበት። አንድ ወረቀት እንኳ ሳላርም ጭልጥ አልኩ።

በሕልሜ ዋሽንግተን ነኝ። የምክር ቤት አባላት እያለከለኩ ሠረገላ ይጎትታሉ፤ ፈረሶቹ ባርኔጣ አድርገው ውስጥ ጋዜጣ ያነባሉ። አንዱ ፈረስ በመስኮት ብቅ አለና፣ «ሽማግሌው እርስዎ ነዎት? ቶሎ ይበሉ እንጂ፣ አገር ሊፈርስ ነው!» አለኝ።

የምክር ቤቱ በር ላይ የሰሜኑና የደቡቡ እንደራሴ ተያይዘው ይጓተታሉ።

«ይቅደሙ!»

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ!»

«እኔ ልሙት አልቀድምም!»

ለካ ከተመረጡ ጀምሮ አንዳቸውም ገብተው አያውቁም። ስብሰባው ደጅ ነው፤ የአፈ ጉባኤዋም ወንበር እዚያው ተቀምጧል። አፈ ጉባኤዋ ዳይና የምትባል ጥቁር ሴት ናት። ድሮ ባሪያ ሆና ጥጥ ትለቅም ነበር፤ አሁን ለቀማውን ጥጡ ራሱ ይዞታል። ከኋላዋ ባለው እርሻ ጥጦቹ ባለ እርሻዎቹን በጺማቸው እየነቀሉ ጆንያ ውስጥ ይከታሉ።

«ኧረ ቀስ፣ ጺሜን!» አለ አንዱ።

«ዝም በል፣ ጆንያው ገና አልሞላም» አለው ጥጡ።

ደረጃው ላይ ሚዙሪ ተቀምጣለች። ሻንጣዋን የታቀፈች ሴትዮ ናት፤ ከቀሚሷ ሥር ወንዝ ይፈስሳል። እንደራሴዎቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው ይከራከራሉ።

«ሚዙሪን በሞቴ ይውሰዱልኝ!» አለ የሰሜኑ። «የእኛ አገር ብርድ ነው፣ ትታመምብኛለች።»

«ኧረ እርስዎ እያሉ! የእኔ ቤት ጠባብ ነው» አለ የደቡቡ።

ሴትዮዋ «እኔኮ...» ስትል ሁለቱም «ቆይ አንቺ!» አሏት።

እኔም እንደ አገሬ ሽማግሌ ኮስተር ብዬ፣ «እሺ ካላላችሁኝ አልቀመጥም!» አልኩ።

«እኛስ መቼ ተቀምጠን እናውቃለን?» አሉኝ።

ግራ ቢገባኝ ከኪሴ ጠመኔ አውጥቼ መሬቱ ላይ መስመር አሰመርኩ። መስመሩ ሄደ ሄደና ሴትዮዋ እግር ሥር ሲደርስ ዞሮ መጣ፤ እኔን ለሁለት ከፈለኝ። አንዱን ጎኔን ሰሜን፣ ሌላውን ደቡብ ይጎትተው ጀመር። «በሕግ አምላክ!» ብዬ ጮህኩ።

ዳይና ተነሳች። «ለመሆኑ እሷን ጠይቃችኋታል?» አለች።

 ፈረሶቹ ጋዜጣቸውን አጣጠፉ።

«እኛንም እንዲሁ ነበር» አለች። «ማን ይውሰዳቸው፣ የት ይሂዱ ስትባባሉ አንድ ቀን ጠይቃችሁን አታውቁም።»

አፈርኩ። በሁለቱም ጎኔ አፈርኩ። ሚዙሪ ሻንጣዋን ይዛ ተነሳች፤ ልትናገር አፏን ስትከፍት...

«ውሰዳት አልኩህ!»

ነቃሁ። የስንዱ ድምፅ ነው። ሳሎን ሮጬ ደረስኩ።

«የእኔ ቤት ጠባብ ነው!» ትላለች።

«ሽሮ ሜዳ ብርድ ነው፣ ትታመምብኛለች!» ይላል አምዴ።

እማዬ ቦርሳዋን ታቅፋ መሃላቸው ተቀምጣለች።

«ጋሼ፣ ፍረድ እንጂ!» አለችኝ ስንዱ።

ኮስተር አልኩ። «ለመሆኑ እማዬን ጠይቃችኋታል?» ድምፄ ልክ እንደ ዳይና ወጣልኝና በራሴ ኮራሁ።

እማዬ ቀና ብላ አየችኝ። «አንተስ ጠይቀኸኛል?» አለች።



«እኔ የመጣሁት ለምሳ ነው» አለች ነጠላዋን እያጣፋች። «ቤቴ አለ፣ ጎረቤቶቼ አሉ፣ የትም አልሄድም። አሁን እስከ መናኸሪያ የሚሸኘኝ ማነው?»

ሦስታችንም ተያየን።