አንጀቴና ፓቴንቴዬ

ሮም ያለን አበሾች በሙሉ ሐኪሞች ነን። ቤት የምናጸዳው፣ ባዳንቴ ሆነን አሮጊት የምናስታምመው በሽተኛ እስኪገኝ ድረስ ለጊዜው ነው። አታምኑኝም? እስቲ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እጃችሁን ሆዳችሁ ላይ ጣል አድርጋችሁ «ውይ!» በሉ። ገና ሳትጨርሱ አምስት ሰው መድኃኒት ያዛል፤ ስድስተኛው ይመጣና የአምስቱን ይሽራል!

የእኔ ሆድ የታወቀ ነው። ይነፋል፣ ይቆርጣል፣ ይጮኻል... ደግሞ ቀን ይመርጣል፤ ቀጠሮ ያለኝን ቀን! ተመርምሬ ተመርምሬ ምንም ሳይገኝብኝ ሲቀር ሐኪሜ ዶቶሬሳዋ «ቶሎ የሚቆጣ አንጀት ነው» አለችኝ። ጉድ እኮ ነው! የማስታምማቸውን ሲኞራ ስድስት ዓመት ሙሉ ዝም ብዬ ስችል፣ ለካ በእኔ ፈንታ ሲቆጣ የኖረው አንጀቴ ነው።

«አሎራ፣ ምን ይሻለኛል?» አልኳት።

«የናና ዘይት እንክብል አንዳንዱን ሰው ይረዳል፤ አጃም እንዲሁ። ስለ ሌላው ቅጠላ ቅጠል ግን በቂ ማስረጃ የለንም። ብቻ የምትሞክሪውን አንድ በአንድ ሞክሪ፤ ሁሉንም ባንዴ ከወሰድሽ የትኛው እንደሠራ በምን እናውቃለን?»

ማስረጃ አለች! እትዬ የሺን ስለማታውቃቸው እኮ ነው። እትዬ የሺ ከእኔ ቀድመው ሮም የገቡ፣ ሲኞራዎቹን ሁሉ ጦረው የቀበሩ ትልቅ ሰው ናቸው። የዶቶሬሳዋን ቃል ስነግራቸው «ማስረጃው እኔ ነኝ! ይኸው ተልባ እየጠጣሁ ሰባ ዓመት ሞላኝ!» አሉኝና ስልኩን ዘጉት።

እኔ ደግሞ ቀልድ ላይ አልነበርኩም። የሲኞራ ልጅ «ሙቀቱ ሲጀምር እናቴን ወደ ባሕሩ ቤት እንወስዳታለን፤ መኪና የሚነዳ ሰው ያስፈልገናል። መንጃ ፈቃድ፣ ፓቴንቴ፣ ካላወጣሽ ሌላ ሰው እንቀጥራለን» ብላኛለች። ሥራው ከሄደ የምተኛበት ክፍልም አብሮ ሊሄድ ነው! የመጀመሪያውን የመንዳት ፈተና ደግሞ ወድቄያለሁ። እንዴት ወደቅሽ በሉኝ... አደባባዩ ላይ ስደርስ ሆዴ «አሁን!» አለኛ! መኪናውን አንድ ባር ደጃፍ ገትሬ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ፣ ፈታኙን ከኋላ ወንበር ላይ ትቼው ሽንት ቤት ሮጥኩ። ስመለስ የመውደቂያዬ ወረቀት ተፈርሞ ጠበቀኝ።

በሁለተኛው ፈተና ቀን ማለዳ እትዬ የሺ ከከተማው ዳር ከሮማኒና ድረስ ሁለት አውቶቡስ ቀይረው ከተፍ አሉ። በአንድ እጃቸው የተልባ ጠርሙስ፣ በሌላው ፌጦ በሎሚ!

«እትዬ፣ ዶቶሬሳዋ ናናውን ብቻ ነው ያለችኝ» አልኩ።

«ታዲያ ማን ከለከለሽ? ናናሽንም አምጪው!»

እንክብሉን ከእጄ መንጭቀው በመርፌ ወጋ አደረጉና ዘይቱን ፌጦው ላይ አፈሰሱት፤ ተልባውንም እዚያው ብርጭቆ ውስጥ ደባለቁት።

«ኧረ እትዬ፣ እንዳለ ነው የሚዋጠው!»

«ከነልብሱ መድኃኒት ማን ይውጣል? በይ ጠጪ!»

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ሁለት አውቶቡስ ቀይረው የመጡ ትልቅ ሰው ፊት «በቂ ማስረጃ የለም» ይባላል? ደግሞ ልደብቃችሁ አልችልም፤ ጨንቆኝ ስለነበር መርዝም ቢሰጡኝ እጠጣው ነበር። አፍንጫዬን ይዤ ጨለጥኩት።

መኪናው ውስጥ አስተማሪዬ ከጎኔ፣ ፈታኙ ከኋላ ተቀመጡ። ገና ከመነሳታችን ደረቴ ነደደ! ዓይኔ እንባ አቀረረ። ባገሳሁ ቁጥር መኪናው በሙሉ ናና ናና ይሸታል።

«ሲኞራ፣ ማስቲካ እያኘኩ ነው?» አለ ፈታኙ።

«የለም ጌታዬ፣ ሆዴ ነው!»

መስኮቱን ከፈተ። ያ የተረገመ አደባባይ መጣ... ሆዴን አዳመጥኩት። ጭጭ! ፌጦውን ፈርቶ ይሁን ምን፣ እንጃ፣ ድምፁ ጠፋ። ፈታኙም ዓይኑን በመሐረብ እየጠራረገ «ቫ ቤኔ፣ ቫ ቤኔ፣ ይበቃል፣ አልፈዋል!» ብሎ ከመኪናው ዘሎ ወረደ። እኔም እዚያው መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ ግማሹ የደስታ፣ ግማሹ የፌጦ ነው።

«ታዲያ የትኛው ሠራልሽ?» አለች ዶቶሬሳዋ፣ በቀጠሮዬ ቀን ሄጄ የሆነውን ስነግራት።

«እንጃ፤ ሁሉም አንድ ብርጭቆ ውስጥ ነበሩ።»

ብዕሯን አስቀመጠች። «እንክብሉ ሳይከፈት የሚዋጠው እንዳያቃጥልሽ ነበር። አንድ ቀን ደህና መዋል ደግሞ ማስረጃ አይሆንም፤ ይህ ሕመም በራሱም ይመጣል፣ በራሱም ይሄዳል» አለች። እውነቷን ነው። ግን ይህን ለእትዬ የሺ ማን ይንገርልኝ? እሳቸው እንደሆነ ያንኑ ድብልቅ «ሆድም ያድናል፣ ፓቴንቴም ያስወጣል» እያሉ ለግማሽ ሮም በስልክ አዘውታል።

ብቻ ተመስገን፣ ሥራዬም ክፍሌም ተርፈዋል፤ ሲኞራን ወዲያ ወዲህ የማመላልሳቸው እኔ ነኝ። ሰሞኑን ግን እሳቸው ሆዳቸውን ይዘው ማቃሰት ጀመሩ። ሐኪም ዘንድ ላደርሳቸው መኪናውን ሳስነሳ «በእግሬ!» ብለው እምቢ አሉ። ቀስ እያልን ደረስን።

«ሕመሙ ከመቼ ወዲህ ነው የጀመረዎት?» አለች ዶቶሬሳዋ።

ሲኞራ ከዘራቸውን አንስተው ወደ እኔ ቀሰሩት።

«ይቺ ፓቴንቴ ካወጣች ወዲህ!»