የእትዬ ፋጡማ የስፌት መኪና ከረፋድ በፊት አትነሳም

የስፌት መኪና የሌለበት ሰፈር ይኖር ይሆናል፤ መኪናዋን እንደ አራስ የምታስታምም ሴት የሌለችበት ሰፈር ግን በዕድሜዬ አላየሁም።

የኛዋ፣ የንፋስ መውጫዋ፣ ክብርት እትዬ ፋጡማ ናቸው። መኪናቸው በእግር የምትረገጥ፣ ጥቁር፣ ከእኔ ብታንስ በጥቂት ዓመት ነው። "ተበላሸች" የሚባል ቃል በዚያ ቤት አይነገርም። ክር ከበጠሰች ተናዳለች። ስፌት ከዘለለች ሐሳብ ይዟታል። ቺንጋዋ ሲላላ ደግሞ "ከስታብኛለች" ብለው ያዝናሉ።

አንድ ጊዜ አዲስ መርፌ አስገብተውላት ጨርቅ አልይዝ አለች። ሦስት ቀን ነጠላ ተሸፍና ዋለች።

"ምን ሆና ነው?" አልኳቸው።

"አኩርፋኝ ነው። እሷ ፊት የሰው መኪና አመስግኜ።"

በአራተኛው ቀን መርፌው ፊቱን አዙሮ መግባቱን አዩ። አውጥተው፣ አዙረው አጠበቁትና ደጃፌ ድረስ መጥተው "ታረቅን!" አሉኝ። ስለ መርፌው ትንፍሽ አላሉም።

ትልቁ ጉዳይ ግን ቅባቱ ነው። ለመኪና ተብሎ የተሠራ ዘይት አለ ስላቸው "ያ ነዳጅ ነዳጅ የሚሸተው? ለሴት ልጅ ነዳጅ ይቀባል?" ይሉና ለጋ ቅቤ አቅልጠው በላባ ጫፍ ጠብ ጠብ ያደርጉላታል። በጉና ተራራ ብርድ ቅቤ ምን እንደሚሆን ለኛ ለጋይንት ሰዎች አይነገርም። ሌሊቱን ይረጋል፤ መኪናዋም አብራው ትረጋለች። እስከ ሦስት ሰዓት መዘውሯ ንቅንቅ አይልም። እትዬ ፋጡማ "እንቅልፍ ትወዳለች" ባይ ናቸው። እኛም አምነን ልብሳችንን ረፋድ ላይ ይዘን እንሄዳለን።

ባለፈው ሐምሌ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ከቤታቸው ጩኸት ሰምቼ ሮጥኩ። የጎረቤታችን የአቶ ላቀው ልጅ ራሄል በዚያው ቀን ደብረ ታቦር ልትመረቅ ነው፤ ከዘር ማንዘሯ የመጀመሪያዋ። ማታ የደረሰላት ቀሚስ አንድ ስንዝር ረዝሞ መሬት ይጠርጋል። ሚኒባሱ ደግሞ ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ይወጣል።

"እትዬ፣ በአላህ ይቀስቅሷት!" ትላለች ልጅቱ፤ የቤቱን ቋንቋ ለምዳለች።

"በዚህ ብርድ እንዴት ትነሳ ልጄ?"

"እንግዲያው በእጅ ይስፉልኛ!"

"በእጅ? በእጅ ስፌት ዲግሪ ይሰጣሉ?" አሉ ደንግጠው።

አቶ ላቀው ባጃጅ አስቁመው ደጅ ላይ ይንቆራጠጣሉ። "አመለጠን! በቃ ልጄ ጫፏን ሰብስባ እንደ ጭቃ አቡኪ ትመረቃለች!"

እትዬ ፋጡማ ወደ እኔ ዞሩ። "መምህር፣ የተማሩት ዛሬ ይጥቀም። መዘውሯን ይያዙና እፍ ይበሉባት።"

አራት ዓመት ፍልስፍና የተማርኩ ሰው ተንበርክኬ ብረት ላይ እፍ አልኩ። እሳቸው የከሰል ምድጃውን ከጎኗ አስጠጉ፣ ጋቢያቸውን ደረቡላት፣ ጀርባዋን እያሻሹ "ተነሽ የኔ እመቤት፣ ልጅቷን አታሳፍሪያት" ይሏታል። ቤቱ ቀስ በቀስ የሙሽራ ፀጉር፣ የሙሽራ ፀጉር ሸተተ። መዘውሯ እጄ ውስጥ አንዴ ተንቀጠቀጠች፤ ከዚያ ለቀቀች።

"ቢስሚላህ!" ብለው ረገጡ። የቀሚሱ ጫፍ ዙሪያውን ሲታጠፍ እኔ ትንፋሽ እንኳ አልሰበሰብኩም ነበር።

"ቅቤ ቅቤ ሸተትኩ እኮ!" አለች ራሄል እየሳቀች፣ ባጃጁ ውስጥ ዘላ እየገባች።

"ሽተቺ! ቅቤ ሳትቀባ መጣች አይሉሽም!" አሉና እልልታውን ለቀቁት። አቶ ላቀው ከባጃጁ አንገታቸውን አውጥተው እጅ ይነሳሉ፤ ለሰው ይሁን ለመኪናዋ አልለየሁም።

ድምፁ ሲርቅ እትዬ ፋጡማ ተመልሰው መኪናዋ አጠገብ ቆሙ። ከሰሉ ገና ፍም ነው። ድግስ ደግሰው እንግዳ የቀረባቸው ይመስላሉ።

"ምነው፣ እንዲህ ሞቋት፣ እንዲህ ነቅታ፣ የሚሰፋ ይታጣ? መምህር፣ የተቀደደ የለዎትም?"

ሰውነቴን ዳበስኩ። ሱሪዬ ደህና፣ ሸሚዜ ደህና።

"ያለ ይመስለኛል" አልኩና ወደ ጓሮ ዞሬ የኮቴን ገበር በጥርሴ ተረተርኩት።