የተወሰደው ሳህን

አዲስ ምግብ የሚያሳድድ ሰው ሁሉ የሚጠግበው ከሌላ ሰው ሳህን ነው። በኮሪያዋ ኢንቼን ከተማ ውስጥ ይህን ግፍ ከአቶ ቴሶፕ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ክብርት ባለቤታቸው ወይዘሮ ኦክጁ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አስተምረዋቸዋል።

በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ወደቡ አጠገብ ካለችው ምግብ ቤት ይቀመጣሉ። አቶ ቴሶፕ የሚያዙት ያንኑ በባቄላ መረቅ የተለወሰ ጥቁር ኑድልስ ነው፤ መርከበኛ ሳሉ በማዕበል መሃል የናፈቁትን፣ የሽንኩርቱ ጠረን ገና ከመንገድ የሚቀበላቸውን። ወይዘሮዋ ግን አንገታቸውን አስግገው ግድግዳው ላይ አዲስ ምግብ የሚያስተዋውቅ ወረቀት ይፈልጋሉ። አናናስ የገባበት ይሁን አይብ የፈሰሰበት፣ «ሳይቀምሱ መሞትማ ነውር ነው» ይላሉ።

ሁለት ጉርሻ ይበቃቸዋል። ባላቸውን በልጃቸው ስም ጠርተው፣ «የሚንጉ አባት፣ ይሄ ላንተ ጤና ይስማማል» ብለው ሳህናቸውን ይገፋሉ። ጥቁሩ ኑድልስ ያኔ ጠረጴዛውን ተሻግሮ ወይዘሮዋ ፊት ደርሷል።

ይህ ፍርድ ነው? ማንጎ ውስጥ የተነከረውን ሽሪምፕ አንገታቸውን ደፍተው የጨረሱት አቶ ቴሶፕ፣ ጎረቤት ፊት «እኔ ያልቀመስኩት የለም» የሚሉት ወይዘሮዋ! ባለ ምግብ ቤቱ አዝኖላቸው አንዴ መሃሉ የተከፈለ ሳህን አመጣ፤ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ቀይ መረቅ። ወይዘሮዋ ቀዩን ቀመሱና ጥቁሩ ወደ እሳቸው እንዲሆን ሳህኑን አዞሩት።

መርከብ ላይ በለመዱት ዜማ አቶ ቴሶፕ ያንጎራጉራሉ፦

ልቤን ወሰድሽብኝ፣ ዕድሜዬን ወሰድሽብኝ፣
ምናለ ሳህኔን፣ እሱን ብትተይልኝ።

ባለፈው እሑድ ግን ወይዘሮዋ ወረቀቱን ቀና ብለው ሳያዩ፣ «ለኔም ጥቁሩን» አሉ።

ሳህኑ በመጨረሻ የአቶ ቴሶፕ ብቻ ሆነ። ማንም አልነካባቸውም። ጉርሻው ግን አልወርድ አላቸው።

«አመመሽ እንዴ?»

«ምን ያመኛል። አረጀሁ መሰለኝ፤ አዲሱም አላምረኝ አለ።»

አቶ ቴሶፕ ደማቸው ፈላ። ሠላሳ አንድ ዓመት ተዘርፈው ዘራፊያቸው እንዲህ በቀላሉ ልታረጅባቸው ነው? ባለ ምግብ ቤቱን ጠርተው፣ ዛሬ ምን አዲስ ነገር እንዳለው በቁጣ ጠየቁ። ዓሣ በእንጆሪ አለ፤ እስካሁን ያዘዘው ሰው እንደሌለም አልደበቀም። «አምጣው» አሉት።

አንድ ጊዜ ጎረሱ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«እንዴት ነው?» አሉ ወይዘሮዋ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እንደዚህ የሚያስጠላ ነገር በሕይወቴ በልቼ አላውቅም።»

የወይዘሮዋ ዓይን በራ። «እስቲ» ብለው ቾፕስቲካቸውን አነሱ።

አቶ ቴሶፕም እየተነጫነጩ፣ የራሳቸውን ጥቁር ኑድልስ የወይዘሮዋ እጅ ሊደርስበት ወደሚችል ቦታ አስጠጉላቸው።