ዳኛ ማመልከቻ ሲጽፍ

ሰው ጡረታ ሲወጣ ደመወዙ ይቀንሳል እንጂ አመሉ አይቀንስም። ወታደር የነበረው ጎረቤቴ ዛሬም ዶሮዎቹን አሰልፎ ይቆጥራል። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በዳኝነት ወንበር ላይ ጨርሼ መካነ ሰላም ከተማ ያለው ቤቴ ስገባ፣ ሚስቴ «ወጡ ጨው በዛበት እንዴ?» ስትለኝ «መርምረን እንወስናለን» እላት ነበር። ሰልችቷት ነው መሰለኝ፣ አንድ ቀን «ለምን ወጥተህ ድሃ አትረዳም?» አለችኝ።

ታዘዝኩ። ከፍርድ ቤቱ አጥር ማዶ ባለች ሱቅ በረንዳ ላይ ጠረጴዛ ዘርግቼ፣ የቤት ክርክር ላለበት ሁሉ በነጻ ማመልከቻ መጻፍ ጀመርኩ።

የመጀመሪያዋ ባለጉዳይ ዘይነባ ነበረች። ዘጠኝ ዓመት ጅዳ በሰው ቤት ሠርታ በላከችው ገንዘብ እዚሁ ከተማ ቤት ተሠርቷል። ቤቱን ቆሞ ያሠራው ወንድሟ ሰይድ ነው፤ ካርታውም በሰይድ ስም ነው። እሷ ስትመለስ ሰይድ ቤቱን ለአንድ የደጎሎ ከተማ እህል ነጋዴ ሊሸጥ ተስማምቶ፣ ውሉ ሊፈረም ሦስት ቀን ቀርቶታል።

«የሰው ወለል ስወለውል የኖርኩት አንድ ቀን የራሴን እወለውላለሁ ብዬ ነው፤ አሁን የት ልግባ ጋሼ?» አለችኝ።

«አብሽሪ» አልኳት። ሽያጩ እንዲታገድ አንጀት የሚበላ ማመልከቻ ጽፌ፣ በሥልጣን ዘመኔ ቆሜበት የማላውቀው ሰልፍ ላይ ተራዬን ጠበቅኩ። መዝገብ ቤት የነበረችው፣ ለዓመታት አብራኝ የሠራችው ወይዘሮ ብርቄ ናት። ስታነብ ከሳቋ ስትታገል አየኋት።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ማመልከቻ አይደለም፤ ውሳኔ ነው!»

እውነቷን ነው። መጨረሻው ላይ «ሽያጩ ታግዷል፤ ይጻፍ» ብዬ ፈርሜበታለሁ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ!

ተመልሼ «ታግዷል» የሚለውን አውጥቼ «ይታገድ» አደረግኩት። እሱም ትእዛዝ ነው ብላ መለሰችኝ። «እንዲታገድልኝ በትሕትና አመለክታለሁ» የምትለዋን ስጽፍ፣ እናንተዬ፣ ብዕሬ ድንጋይ ሆነብኝ። ስንት ሰው ይህቺን ቃል ይዞ ፊቴ ቆሟል! ክብደቷን ግን አንድም ቀን አላውቀውም ነበር። ቢሮው ሊዘጋ ሲል ማመልከቻዋ ገባች፤ በማግስቱ እግዱ ወጣ።

ክርክሩን የጨረሰው ግን የእኔ ብዕር ሳይሆን ለምስክርነት የቀረበው የቤቱ ግንበኛ ነው። ዳኛው ቤቱን ማን እንዳሠራው ሲጠይቁት፣ «ጭቃ ሲያስረግጠኝ የነበረው ሰይድ ነው» አለ፤ «ከጅዳ በስልክ እየጮኸች መስኮቱን ሁለት ጊዜ ያስፈረሰችኝ ግን እሷ ናት። ወላሂ፣ እንደሷ ያስመረረኝ ባለቤት የለም!» ችሎቱ ሳቀ። ሰይድንም ሳቁ አመለጠው። ቤቱ ለዘይነባ ተፈረደ።

በወሩ ሰይድ በረንዳዬ ላይ ብቅ አለ። ሊሰድበኝ ነው ብዬ ጉሮሮዬን ጠራረግኩ። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳኝ። ለካ የተከራየበት ቤት ባለቤት ያለ ማስጠንቀቂያ ውጣ ብሎታል።

«ይህን ሁሉ ማመልከቻ ጸሐፊ አልፈህ እኔ ጋ መጣህ?» አልኩት።

«ሌሎቹ ጎበዝ ነን ይላሉ ጋሼ» አለኝ፤ «የእርስዎን ግን ቀምሼዋለሁ።»

እንግዲህ ምን ይባላል? ወንበር ሳብኩለት።